እንቁላሉን ጠብቆ እናቲቱን ማጣት
(ስለ ኬምፕ የባሕር ዔሊ ምርምርና ጥበቃ የተደረገ ንግግር)



በሜክሲኮ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ ታማውሊፓስ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ራንቾ ኑዌቮ የሚባል ጭር ያለ የባሕር ዳርቻ ይገኛል። በ1947 ዓ.ም. በጁን ወር አንድሬስ ኤሬራ የተባሉ ሜክሲኳዊ መሐንዲስ በትንሽ አውሮፕላን ወደዚያ ዳርቻ በርረው አረፉና የተመለከቱትን በፊልም አነሡ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ የሚያሳየው በጠራራ ፀሐይ ከባሕር ወጥተው እንቁላል የሚጥሉ እንስት ዔሊዎችን ነው። ብዛታቸው አሸዋውን የሸፈነ፣ አንዷ በሌላዋ ጀርባ ላይ ካልተራመደች በቀር መተላለፊያ የሌላቸው ነበሩ። በኋላ ፊልሙን የመረመሩ ሊቃውንት በዚያች አንዲት ቀን የወጡት እንስቶች 40,000 ያህል እንደሚሆኑ ገመቱ።

ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ በዚያው ዳርቻና በአካባቢው በዓመቱ ውስጥ የተቆጠረው የእንቁላል ጉድጓድ 702 ብቻ ሆነ። አንዲት እንስት በአንድ ወቅት ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ስለምትጥል፣ ይህ ቁጥር የሚያመለክተው 300 የሚያህሉ እናቶችን ነው። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን መመናመኑ ብቻ አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ ዳርቻው በመንግሥት ይጠበቅ ነበር። ወታደሮች በአሸዋው ላይ ይዘዋወሩ፣ ተመራማሪዎች እንቁላሉን ወደታጠረ ሥፍራ ያዛውሩ፣ በየዓመቱም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጫጩቶችን ወደ ባሕር ይለቁ ነበር። ታዲያ ይህን ያህል ጥበቃ እየተደረገ ዔሊው እንደምን ሊጠፋ ተቃረበ? የዚህ ጥያቄ መልስ ለዔሊ ተመራማሪዎች ብቻ ሳይሆን የዱር እንስሳትንና የተፈጥሮ ሀብትን በመጠበቅ ሥራ ላይ ለተሰማራ ባለሙያ ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት ይዟል።

በዓለም ላይ ከሚገኙት ሰባት የባሕር ዔሊ ዓይነቶች መካከል የኬምፕ ዔሊ በአካል ከትናንሾቹ አንዱ ነው። የደረሰው ዔሊ ቅርፊት ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ50 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ዋነኛ ምግቡ ሸርጣን ነው። የሚኖረውም በአብዛኛው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሲሆን፣ ገና ያልደረሱት የአሜሪካን የአትላንቲክ ዳርቻ ተከትለው ወደ ሰሜን ይወጣሉ። ስሙን ያገኘው በፍሎሪዳ የኪ ዌስት ነዋሪ ከነበሩት ከሪቻርድ ኬምፕ ነው። እኚህ ሰው ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የላኩትን ናሙና መሠረት በማድረግ ሳሙኤል ጋርማን በ1880 ዓ.ም. ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁት።

ከዚያ በኋላ ግን ከ80 ዓመት በላይ አንድ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቆየ፤ ይኸውም ይህ ዔሊ የት ይወለዳል? የሚለው ነው። ዓሣ አጥማጆች በየመረባቸው ያገኙታል፤ እንቁላል ሲጥል ያየ ተመራማሪ ግን አልነበረም። አንዳንዶቹ አጥማጆች የሁለት ሌሎች ዔሊዎች ዲቃላ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። የባሕር ዔሊ ምርምር አባት የሚባሉት ፕሮፌሰር አርቺ ካር የመውለጃ ሥፍራውን ለብዙ ዓመታት ፈልገው አላገኙትም። በመጨረሻ በ1961 ዓ.ም. ሄንሪ ሂልደብራንድ የተባሉት ተመራማሪ የኤሬራን ፊልም በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ በተደረገ የሊቃውንት ስብሰባ ላይ አሳዩ። ሊቃውንቱ ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ለ14 ዓመታት በፊልም ተቀርጾ ተቀምጦ ነበር። የዳርቻው ሕዝብማ ከዚያም አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

የእንቆቅልሹ መፍቻ በዔሊው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። የኬምፕ ዔሊዎች አብዛኛዎቹ የባሕር ዔሊዎች እንደሚያደርጉት በሌሊት ተበታትነው አይወጡም። በቀን፣ አዘውትሮም ነፋስ በሚበረታበት ጊዜ፣ በአንድነት ይወጣሉ። በስፓኝኛ ቋንቋ ይህ አወጣጥ «አሪባዳ» ይባላል፤ መድረስ ወይም መምጣት ማለት ነው። ይህም የሚሆነው በዓመት ጥቂት ቀናት፣ ከሞላ ጎደልም በዚያ በአንድ አካባቢ ዳርቻ ብቻ ነው። በዚያች ቀንና በዚያች ቦታ ያልተገኘ ሰው ምንም አያይም። አዳኝ እንስሳት በአንድ ጊዜ ያን ሁሉ እንቁላል በልተው ሊጨርሱት ስለማይችሉ፣ በአንድነት መውጣቱ ለዘመናት ጠቅሞት ኖሯል። አህያና የጭነት መኪና ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ከዚህ የተመቸ መከር የለም። ለዓመታት እንቁላሉ እየተለቀመ በየገበያው ተሸጠ።

የሜክሲኮ መንግሥት በ1966 ዓ.ም. በራንቾ ኑዌቮ የጥበቃ ሠፈር ሲመሠርት ይህን ዘረፋ ለማስቆም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ዳርቻው የተፈጥሮ ክልል ተብሎ ታወጀ፤ ከ1978 ዓ.ም. አንሥቶም የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከሜክሲኮ ባልደረቦቻቸው ጋር በአንድ ሠፈር መሥራት ጀመሩ። ለብዙ ዓመታት የሜክሲኮን ወገን የመሩት ሬኔ ማርኬስ ነበሩ። ሥራው አድካሚ ነበር። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሳይዘረፍ መገኘት፣ እያንዳንዳቸው 100 ያህል የሆኑት እንቁላሎችም ሳይናወጡ ተወስደው በታጠረው ሥፍራ እንደገና መቀበር ነበረባቸው። ከ50 ቀናት ገደማ በኋላ ጫጩቶቹ ከአሸዋው ይወጣሉ፤ ሠራተኞቹም ከወፍና ከሸርጣን እየጠበቁ ወደ ባሕሩ ይሸኟቸዋል። በየዓመቱ መጨረሻ በሚቀርበው ዘገባ የተለቀቁት ጫጩቶች ብዛት ይጠቀስ ነበር። ቁጥሩ የሚያስደስት ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ለመውለድ የሚመጡት እናቶች ቁጥር ግን ይቀንስ ነበር።

ለዚህ አንደኛው ምክንያት ጊዜ ነው። የኬምፕ ዔሊ ለመውለድ የሚደርሰው ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ በ1950ዎቹ የተዘረፈው እንቁላል ጉድለቱ የታየው በ1960ዎቹና ከዚያም በኋላ ነው፤ ዛሬ የዳነው እንቁላል ፍሬም እንዲሁ ከዓመታት በፊት አይታይም። ሆኖም ጥበቃው 19 ዓመት ከሞላው በኋላ ይህ ምክንያት ብቻውን በቂ መልስ ሊሆን አልቻለም። ሁለተኛው ምክንያት ከዳርቻው ርቆ፣ ከውኃው በታች ነበር።

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጀልባዎች ሽሪምፕ የተባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ ያጠምዳሉ። ማጥመጃቸው በጀልባ እየተጎተተ የባሕሩን ወለል የሚጠርግ ሰፊ መረብ ነው። ሽሪምፕ በሚበዛበት ሥፍራ ሸርጣንም ይበዛል፤ ሸርጣን በበዛበትም የኬምፕ ዔሊ ይገኛል። ዔሊ ደግሞ የሚተነፍሰው እንደ ዓሣ በስንጥብ ሳይሆን እንደ እኛ በሳምባ ነው። ረግቶ ሲያርፍ ለረጅም ጊዜ ከውኃ በታች ሊቆይ ይችላል፤ መረብ ውስጥ ገብቶ ሲፍጨረጨር ግን በደሙ ያለው አየር ፈጥኖ ያልቃል። መረቡ ሳይወጣ ለሰዓታት ስለሚጎተት ዔሊው ታፍኖ ይሞታል። አጥማጁ ሊገድለው አልፈለገም፤ ሥጋውንም አይሸጠውም። ጎትቶ ያወጣው በድኑን ነው፤ መልሶም ወደ ባሕር ይጥለዋል።

የዚህን ሞት ክብደት በግልጽ ያሳየው የባሕር ላይ አሰሳ ሳይሆን በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ነው። በ1987 ዓ.ም. ዲቦራ ክራውስ፣ ላሪ ክራውደርና ሀል ካስዌል የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ሎገርሄድ ስለሚባለው ሌላ የባሕር ዔሊ አንድ ጥናት አወጡ። የዔሊውን ዕድሜ ከእንቁላል እስከ እናትነት በየደረጃው ከፍለው፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ከመቶው ስንቱ ወደሚቀጥለው ዓመት እንደሚሻገር አሰሉ። ከዚያም «ሞቱ የሚቀነሰው በየትኛው ደረጃ ቢሆን ነው ዘሩ የሚያንሠራራው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ብዙዎችን አስደነገጠ። በጥናቱ መሠረት፣ በዳርቻው የተጣለው እንቁላል አንድም ሳይቀር ቢድን እንኳ የዔሊው ቁጥር መቀነሱ አይቆምም ነበር። በአንጻሩ ግን አካላቸው የዳበረ፣ ነገር ግን ለመውለድ ያልደረሱት ወጣት ዔሊዎች በዓመት ከመቶው 68 ያህሉ መትረፋቸው ቀርቶ 77 ቢተርፉ ዘሩ እንደገና መብዛት ይጀምራል።

ይህ ነገር ለገበሬ እንግዳ አይደለም። በሰኔ ከተዘራው ዘር ጥቂቱን ወፍ ቢለቅመው ገበሬው «ለወፍም ድርሻ አለው» ብሎ ያልፈዋል። በጥቅምት ዛላው ከብዶ የዘነበለውን አዝመራ በረዶ ሲመታበት ግን እጁን በራሱ ላይ ይጭናል። የጠፋው የፍሬ ቁጥር አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ ኀዘኑ አንድ አይደለም፤ ምክንያቱም በዛላው ውስጥ የክረምቱ ሁሉ ዝናብ፣ የጉልጓሎውና የአረሙ ድካም፣ ከአደጋ ተርፎ የመቆየቱም ዕድል ተጠራቅሟል። አሥር ዓመት ከሻርክ፣ ከረኀብና ከማዕበል ተርፋ ለመውለድ የተቃረበች ዔሊም እንዲሁ ናት። ከብዙ መቶ ጫጩቶች መካከል እዚያ የምትደርሰው አንዲት ናት። እርስዋን መረብ ሲወስዳት በዳርቻው ላይ የተደከመላቸው ብዙ የእንቁላል ጉድጓዶች አብረዋት ይጠፋሉ።

መፍትሔው ከተመራማሪ ቤት ብቻ የመነጨ አይደለም። በጆርጂያ ክፍለ ሀገር ሲንኪ ቡን የሚባሉ ሽሪምፕ አጥማጅ ነበሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጄሊፊሽ የተባለው ዝልግልግ ፍጥረት መረባቸውን እየሞላ ስላስቸገራቸው፣ በመረቡ ውስጥ በአግድመት ያዘመመ የብረት ፍርግርግ ሠርተው አስገቡ። ሽሪምፑ በብረቶቹ መካከል ሾልኮ ወደ መረቡ ጫፍ ያልፋል፤ ትልቁ ነገር ግን ከፍርግርጉ ጋር ተጋጭቶ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ይወጣል። ለጄሊፊሽ የታሰበው ዘዴ ለዔሊም ሠራ። ይህንና ይህን የመሳሰሉት ልዩ ልዩ ፍርግርጎች «የዔሊ ማስወጫ» ተብለው ታወቁ። የአሜሪካ መንግሥት አንድን ማስወጫ የሚቀበለው ከመቶ ዔሊ 97ቱን የሚያስመልጥ መሆኑ በፈተና ሲረጋገጥ ነው።

በ1987 ዓ.ም. ማስወጫውን የሚያስገድደው ደንብ ሲወጣ ግን ብዙዎቹ አጥማጆች ተቆጡ። ቁጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከቀዳዳው ጋር ሽሪምፕ ያመልጣል፣ ፍርግርጉ በቆሻሻ ይደፈናል፣ የነዳጅ ዋጋ በከበደበትና ከውጭ የሚገባ ሽሪምፕ ገበያውን በሞላበት ጊዜ ይህ ሲጨመር ቤታችን ይፈርሳል ብለው ነበር። በ1989 ዓ.ም. ጁላይ ወር በቴክሳስ ወደቦች ጀልባዎቻቸውን አሰልፈው የመርከብ መተላለፊያዎችን ዘጉ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች የምርምር ጉባኤ ያሰባሰባቸው ሊቃውንት የጥናታቸውን ውጤት አወጡ። በዚህም መሠረት በአሜሪካ የባሕር ክልል የሽሪምፕ መረብ የሚገድለው የባሕር ዔሊ ሌሎች የሰው ሥራዎች ሁሉ ተደምረው ከሚገድሉት ይበልጣል፤ ከኬምፕ ዔሊ ብቻ በዓመት ከ500 እስከ 5,000 እንደሚሞት ገመቱ። በዚያን ጊዜ ለመውለድ የሚወጡት እናቶች ጥቂት መቶዎች እንደነበሩ ሲታሰብ የቁጥሩ ትርጉም ግልጽ ነው። ሜክሲኮም በ1990 ዓ.ም. የባሕር ዔሊ ማደንንና መነገድን ፈጽማ ከለከለች፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የሽሪምፕ ጀልባዎቿ ማስወጫውን እንዲጠቀሙ አዘዘች።

በዚያው ዘመን ሌላም ሙከራ ይካሄድ ነበር። የዔሊው ዘር በሙሉ በአንድ ዳርቻ ላይ መንጠልጠሉ ያሳሰባቸው ተመራማሪዎች ከ1978 እስከ 1988 ዓ.ም. በየዓመቱ 2,000 ያህል እንቁላል ከራንቾ ኑዌቮ ወደ ቴክሳስ ፓድሬ ደሴት በአውሮፕላን አጓጓዙ። ዔሊ ወደተወለደችበት ዳርቻ ተመልሳ ትወልዳለች የሚለውን ሐሳብ መሠረት በማድረግ፣ እንቁላሉ የራንቾ ኑዌቮን አሸዋ ሳይነካ ከእናቲቱ በቀጥታ በከረጢት ተቀብለው በፓድሬ ደሴት አሸዋ አቀፉት። ጫጩቶቹ በደሴቲቱ አሸዋ ላይ ተጉዘው የባሕሩን ውኃ ከቀመሱ በኋላ በመንሽ መረብ ተይዘው ወደ ጋልቨስተን ቤተ ሙከራ ተወሰዱና አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀልበው ተለቀቁ። ከዓመታት በኋላ እንዲታወቁም ከሆዳቸው በኩል ካለው ነጣ ያለ ቅርፊት ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በጥቁሩ የጀርባ ቅርፊት ላይ ይተከልላቸው ነበር፤ ይህ ምልክት ከዔሊዋ ጋር አብሮ ያድጋል።

ሙከራው አንድ ያልታሰበ ችግር ገጠመው። የባሕር ዔሊ ጾታ የሚወሰነው በፅንሱ ጊዜ ሳይሆን እንቁላሉ በሚታቀፍበት አሸዋ ሙቀት ነው፤ አሸዋው ሲቀዘቅዝ ተባዕት፣ ሲሞቅ እንስት ይበዛል። ለኬምፕ ዔሊ ሁለቱን የሚለየው ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥራው ሲጀመር ይህ በሚገባ ስላልታወቀ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከተፈለፈሉት ብዙዎቹ ተባዕት ሆኑ። ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ እንስቶቹ በዙ። በ1996 ዓ.ም. ከእነዚህ እንስቶች ሁለቱ በፓድሬ ደሴት እንቁላል ሲጥሉ ተገኙ፤ ከመጀመሪያው ዝውውር 18 ዓመት አልፎ ነበር። ይህ የትዕግሥት ፍሬ ሊናቅ አይገባም። ሆኖም ናት ፍሬዘር የተባሉት ተመራማሪ በ1992 ዓ.ም. እንደተከራከሩት፣ ጫጩትን አሳድጎ መረብ ወደሚጠብቀው ባሕር መልቀቅ የበሽታውን ምልክት ማከም እንጂ በሽታውን መፈወስ አይደለም።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የጉድጓዶቹ ቁጥር አቅጣጫውን ቀየረ። በመጀመሪያ በዝግታ፣ በኋላም በፍጥነት እያደገ ሄዶ በ2009 ዓ.ም. ከ20,000 በላይ ደረሰ። ለዚህ ምስጋናው ለአንድ ወገን ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ማስወጫው ረድቷል፤ የሽሪምፕ አጥማጅ ጀልባዎች ቁጥር መቀነሱም ረድቷል። ከዚህ ጋር ግን መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በእነዚያ ጨለማ ዓመታት የራንቾ ኑዌቮ ጠባቂዎች እንቁላሉን ባያተርፉ ኖሮ፣ ማስወጫው በመጣ ጊዜ ከመረብ የሚያስመልጠው ዔሊ ባልተገኘ ነበር። የዳርቻው ጥበቃ ብቻውን አልበቃም፤ ይሁን እንጂ አላስፈላጊ አልነበረም።

ታሪኩ በድል ይዘጋል ለማለትም አይቻልም። በ2010 ዓ.ም. ኤፕሪል ወር በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ፈነዳ፤ ድፍድፍ ነዳጅም ለ87 ቀናት ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። በዚያው ዓመት የእንቁላል ጉድጓዶቹ ቁጥር በአንድ ጊዜ አሽቆለቆለ። የነዳጁ ድርሻ ምን ያህል፣ የምግብ እጥረት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ24,000 በላይ ሆኖ፣ በቴክሳስ ዳርቻም 353 ጉድጓዶች ተቆጥረው ተስፋ አለመለመ፤ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ግን እንደገና ቀነሰ። የቀድሞው የማያቋርጥ ዕድገት አልተመለሰም። ከዚህም ሌላ የምድር ሙቀት እየጨመረ ነው። በ2018 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አጥር ሰሜናዊ ክፍል ከሚወለዱት ወጣት አረንጓዴ የባሕር ዔሊዎች ከመቶው 99ኙ እንስት ሆነዋል። በዳርቻው ላይ የእንቁላል ጠባቂው አዲስ ተግባር ከሌባ መከላከል ብቻ ሳይሆን የአሸዋውን ሙቀት መቆጣጠርም ሆኗል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

ከኬምፕ ዔሊ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በሌላም የሥራ መስክ ይሠራል። ሰው ጥበቃውን የሚጀምረው ዓይኑ በሚያየውና እጁ በሚደርስበት ቦታ ነው። እንቁላል ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይታጠራል፤ ጫጩት ሲለቀቅ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ሕፃናትም ይደሰታሉ። ከውኃ በታች የምትታፈነዋን እናት ግን ማንም አያያትም፤ ለእርስዋ መከራከር ደግሞ ከአጥማጁ ጋር፣ ከገበያው ጋር፣ ከሕግ አውጪው ጋር መጋፈጥን ይጠይቃል። ችግኝ የሚያስተክል ባለሙያም ቢሆን በዘገባው ላይ የሚጽፈው የተተከለውን ነው፤ ከሦስት ክረምት በኋላ የቆመውን ሄዶ የሚቆጥር ጥቂት ነው። የተተከለው ቁጥር የሠራተኛውን ድካም ይናገራል፤ የደኑን ሁኔታ የሚናገረው ግን የጸደቀው ነው።

ስለዚህ አንድ የጥበቃ ዕቅድ በማኅበሩ አባል ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ፣ «ስንት ተለቀቀ? ስንት ተተከለ?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ሌላ ጥያቄ መቅደም አለበት፤ ይህ ፍጥረት በሕይወት ዘመኑ በየትኛው ደረጃ ላይ፣ በምንስ ምክንያት ነው የሚሞተው? በራንቾ ኑዌቮ ይህ ጥያቄ በሚገባ ተጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ድረስ 20 ዓመት ያህል አልፏል፤ ዔሊው የተረፈውም ለጥቂት ነው። ዛሬም ከኤፕሪል እስከ ጁላይ፣ ነፋስ በሚያይልባቸው ቀናት፣ እንስቶቹ ከማዕበሉ ወጥተው በዚያ አሸዋ ላይ ይቆፍራሉ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ፣ መንገዳቸው በሽሪምፕ መረብ ውስጥ አልፎ፣ በአንድ አጥማጅ በተፈለሰፈ ቀዳዳ ወጥተው የመጡ ናቸው።